የቆጵሮስ ጥያቄ፦ ለጎብኚ የሚበጅ ዳሰሳ

ቆጵሮስ (ብዙዎች ዛሬ ሳይፕረስ የሚሏት) ከሲሲሊና ከሰርዲኒያ ቀጥላ በሜዲትራኒያን ባሕር ሦስተኛዋ ትልቅ ደሴት ናት። ስፋቷ 9,251 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። በ2024 ደቡባዊ ክፍሏን ብቻ ከ4 ሚሊዮን በላይ እንግዳ ጎብኝቶታል፤ ይህ ከክፍሉ ነዋሪ ቁጥር አራት እጥፍ ገደማ ነው። የአስጎብኚዎች በራሪ ወረቀት ባሕሩን፣ ወይኑንና የአፍሮዲቴን ዐለት ያሳያል። የዋና ከተማዋን የኒኮሲያን መሐል ለሁለት ስለሚከፍለው አጥር ግን ቢጽፍ አንድ መሥመር ነው፤ እሱም የጻፈውን ወገን ቋንቋ የሚናገር መሥመር ነው።

የዚህ ዳሰሳ ዓላማ ያንን አጥር መረዳት ነው። የቆጵሮስ ጥያቄ በነጠላ ቁጥር ቢጠራም ውስጡ ብዙ ጥያቄዎች አሉ፤ ሥልጣን እንዴት ይከፈል፣ ደኅንነትን ማን ይጠብቅ፣ ድንበሩ የት ላይ ይሁን፣ ማን ዕውቅና ይኑረው፣ የተፈናቀለው ሰው ቤት የማን ነው? አብዛኞቹን ፖለቲከኞች ይጨቃጨቁባቸዋል፤ ጎብኚው ተመልካች ነው። የመጨረሻው ግን ጎብኚው የሚያርፍበትና የሚዋኝበት፣ አንዳንዴም እገዛዋለሁ ብሎ የሚዋዋልበት መሬት ጥያቄ ነው። ስለዚህ ሌሎቹን ለመረዳት ያህል አይተን በዚህኛው ላይ እንቆያለን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከግሪክና ከቱርክ ክርክር በፊት

ለአማርኛ አንባቢ ደሴቲቱ ባዕድ አይደለችም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 13 ጳውሎስና በርናባስ ስልማና ላይ ወርደው እስከ ጳፉ ያቋረጧት ይህችኑ ደሴት ነው፤ በርናባስም የቆጵሮስ ተወላጅ ነበር። የስልማና ፍርስራሽ ዛሬ በሰሜኑ ክፍል፣ ጳፎስ ደግሞ በደቡቡ ይገኛል፤ የሐዋርያቱን መንገድ ልከተል የሚል መንፈሳዊ ተጓዥ የተባበሩት መንግሥታት የሚጠብቀውን ቀጠና መሻገሩ አይቀርም። በአራተኛው መቶ ዘመን የዚችው ስልማና ጳጳስ የነበረው ኤጲፋንዮስ ዘቆጵሮስ በሃይማኖተ አበው ቃሉ የተመዘገበለት፣ በግእዝ የሚነበበው አክሲማሮስም በስሙ የሚጠራ አባት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት መታወቅ አለበት። የቆጵሮስ ቤተ ክርስቲያን በ431 በኤፌሶን ጉባኤ ራሷን የቻለች መሆኗ የጸናላት ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን ናት። ከ451ዱ የኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ ግን የእሷና የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን መንገድ ተለያይቷል። ላርናካ በሚገኘው በቅዱስ አልዓዛር ቤተ ክርስቲያን ኢትዮጵያዊ ምእመን መሳለም ይችላል፤ ሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት ግን የቁርባን አንድነት የላቸውም። ከዚያው ከተማ ወጣ ብሎ በጨው ሐይቁ ዳር ሐላ ሱልጣን ተኬ የሚባለው መስጊድ አለ። በሰባተኛው መቶ ዘመን ከዐረብ ጦር ጋር መጥታ በዚያ እንደሞተች የሚታመነው የነቢዩ ሙሐመድ ዘመድ የኡሙ ሐራም መቃብር በዚያ ነው።

ከ1191 በኋላ የመጡት ገዥዎች ምዕራባውያን ነበሩ። እንግሊዛዊው ንጉሥ ሪቻርድ ደሴቲቱን ያዘ፤ በሚቀጥለው ዓመት ለፈረንሳዮቹ ሉዚኛኖች ተላለፈች፤ በ1489 ቬኒስ ወረሰቻት። ኒኮሲያና ፋማጉስታ ላይ ዛሬ ሚናር ያላቸው ግዙፍ የጎቲክ ካቴድራሎች የዚያ ዘመን ሥራ ናቸው። ያ ዘመን ለእኛም ጥቂት ነገር ትቷል፤ በ16ኛው መቶ ዘመን ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ቆጵሮስ ላይ የተወለደ ዮሐንስ የተባለ ሰው ወደ ሮም ሄዶ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ለጵጵስና በቅቷል።

በ1570 እና በ1571 ኦቶማኖች ደሴቲቱን ሲይዙ ወታደርና ሰፋሪ አምጥተው ሙስሊም ማኅበረሰብ ተመሠረተ። ዛሬ የሚነሣው የመጀመሪያው የታሪክ ክርክር ከዚህ ይጀምራል። ግሪክና ቱርክ ከጥንትም አብረው መኖር የማይችሉ ሕዝቦች ናቸው የሚል አለ፤ ጠቡ የ20ኛው መቶ ዘመን ፈጠራ ነው የሚልም አለ። ለሁለተኛው የሚቀርበው ማስረጃ ጠንካራ ነው። በኦቶማን አስተዳደር ሰው የሚለየው በሃይማኖቱ እንጂ በብሔሩ አልነበረም። ሊኖባምባኪ የሚባሉ፣ በአደባባይ ሙስሊም በቤታቸው ክርስቲያን የሆኑ፣ ሁለት ስም ይዘው የሚኖሩ ቤተሰቦች ነበሩ። በ1891 የሁለቱ ማኅበረሰቦች ሰዎች አብረው የሚኖሩባቸው መንደሮች ከ340 በላይ ነበሩ። ይህ ማስረጃ ግን በሌላ በኩልም ይነበባል፤ የእነዚህ መንደሮች ቁጥር በ1960፣ ገና ትልቁ ደም ሳይፈስ፣ ወደ 114 ወርዶ ነበር። መለያየቱ ቀስ ብሎ፣ ያለ ጦርነት ጀምሯል ማለት ነው። ምክንያቱ ትምህርት ቤት ይሁን፣ ጋብቻ፣ መሬት ወይስ ፍርሃት፣ የታሪክ ጸሐፊዎች እስካሁን አልተስማሙበትም።

የእንግሊዝ ዘመንና ሁለቱ ሕልሞች

እንግሊዝ በ1878 ከኦቶማኖች ጋር ተዋውላ አስተዳደሩን ያዘች፤ በ1914 ጠቀለለችው፤ በ1925 ደሴቲቱን የዘውድ ቅኝ ግዛት አደረገቻት። ዛሬም መኪና በግራ የሚነዳው፣ የኤሌክትሪክ ሶኬቱም ባለ ሦስት ጥርስ የእንግሊዝ ሶኬት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ግሪክኛ ተናጋሪው ብዙኃን ይመኝ የነበረው ነጻነት ራሱን የቻለ መንግሥት አልነበረም፤ ኢኖሲስ፣ ማለትም ከግሪክ ጋር መዋሐድ ነበር። በ1950 ቤተ ክርስቲያኒቱ ባዘጋጀችው የፊርማ ድምፅ 95.7 ከመቶ ድምፅ ሰጪ ኢኖሲስን ደገፈ። በ1955 በጆርጂዮስ ግሪቫስ የሚመራው ኢዮካ የትጥቅ ትግል ጀመረ። በአንጻሩ ከቱርክ ቆጵሮሳውያን በኩል ታክሲም፣ ደሴቲቱ ለሁለት ትከፈል የሚል ጥያቄ ተነሣ፤ ቲኤምቲ የሚባል የራሳቸው የታጠቀ ድርጅትም ተቋቋመ። ከሁለቱ ሕልሞች አንዱ እንኳ ቆጵሮስ የምትባል ነጻ አገር አልነበረበትም። በ1960 የመጣው ግን ያው ማንም ያልለመነው ነጻነት ነው፤ የኋላው መከራ ግማሹ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

እንግሊዝ ሆን ብላ ከፋፍላለች የሚለው ክስ በሁለቱም ወገን ይሰማል። ለክሱ የሚጠቀሰው ኢዮካን ለመዋጋት ከቱርክ ቆጵሮሳውያን ብዙ ረዳት ፖሊስ መመልመሏ ነው። ክሱን የሚያስተባብሉት ደግሞ ኢኖሲስንና ታክሲምን ለንደን አልፈጠረቻቸውም ይላሉ። ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል፤ ያልፈጠሩትን እሳት ማራገብ ይቻላል።

ሦስት ዓመት ብቻ የኖረው ሕገ መንግሥት

በዙሪክና በለንደን ስምምነቶች መሠረት ሪፐብሊኳ ኦገስት 16 ቀን 1960 ተመሠረተች። ፕሬዚዳንቱ ግሪክ ቆጵሮሳዊ፣ ምክትሉ ቱርክ ቆጵሮሳዊ ነበር፤ ምክትሉ በውጭ ጉዳይ፣ በመከላከያና በጸጥታ ላይ ውሳኔ የመሻር መብት ነበረው። ሲቪል ሰርቪሱና ምክር ቤቱ 70 ለ30፣ ጦሩ 60 ለ40 ይከፈል ነበር። የሕዝቡ ድርሻ ግን 77 ከመቶ ግሪክ፣ 18 ከመቶ ቱርክ ገደማ ነበር። እንግሊዝ፣ ግሪክና ቱርክ ዋስ ሆነው ፈረሙ። እንግሊዝ አክሮቲሪንና ዴኬሊያን፣ በድምሩ 254 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ለጦር ሠፈር ለራሷ አስቀረች። አያ ናፓ ላይ የሚያርፍ መንገደኛ ከላርናካ ሲመጣ ይህን የእንግሊዝ ግዛት ሳያውቀው ሊያቋርጥ ይችላል።

ሕገ መንግሥቱ ገና ከመነሻው አይሠራም ነበር ወይስ እንዳይሠራ ተደረገ? ግሪክ ቆጵሮሳውያን ለአናሳው ከቁጥሩ በላይ የተሰጠው ድርሻና የመሻር መብቱ መንግሥቱን እንዳሽመደመደው ይናገራሉ፤ ለዚህም በግብር ሕግ፣ በማዘጋጃ ቤቶችና በጦሩ አደረጃጀት ላይ የተፈጠረውን መዘጋት ያስረዳሉ። ቱርክ ቆጵሮሳውያን ደግሞ ያ መብት የአብሮ መኖር ዋጋ ነበር፤ ጥቂቶች ነን ብለን ፈራን፤ ፍርሃታችንም ልክ ሆኖ ተገኘ ይላሉ። በኖቬምበር 1963 ፕሬዚዳንቱ ሊቀ ጳጳስ ማካሪዮስ ሕገ መንግሥቱን የሚቀይር ባለ 13 ነጥብ ሐሳብ አቀረቡ። ዲሴምበር 21 ግጭት ፈነዳ። በቀናት ውስጥ የእንግሊዝ ጄኔራል ፒተር ያንግ በኒኮሲያ ካርታ ላይ በአረንጓዴ እርሳስ መሥመር አሰመሩ፤ አረንጓዴ መሥመር የሚባለው ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ ለሆነው ነገር የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ በሴፕቴምበር 1964 ያቀረቡት ሪፖርት ከሁለቱም ወገን ትረካ የተሻለ ምስክር ነው። በ109 መንደሮች፣ አብዛኞቹም የቱርክ ወይም የድብልቅ መንደሮች በሆኑት፣ 527 ቤቶች መፍረሳቸውን፣ ሌሎች 2,000 መጎዳታቸውን መዝግቧል። ወደ 25,000 ቱርክ ቆጵሮሳውያን ተፈናቅለው በየሠፈሩ ተከበው ኖሩ። ደቡብ ላይ የሚሰጥ የጎብኚ መጽሐፍ ከ1963 እስከ 1974 ስላሉት 11 ዓመታት የሚለው እምብዛም ነው፤ የሰሜኑ ደግሞ ከእነዚህ ዓመታት በቀር የሚለው ጥቂት ነው።

በዚሁ ጊዜ አንድ የሕግ ቋጠሮ ታሰረ። ቱርክ ቆጵሮሳውያን ሚኒስትሮችና የምክር ቤት አባላት ከመንግሥት ወጡ፤ እንደ ግሪኮቹ አነጋገር ራሳቸው ጥለው ሄዱ፣ እንደ ራሳቸው አነጋገር በጠመንጃ ተባረሩ። በማርች 1964 የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ ቁጥር 186 የሰላም አስከባሪ ጦር ሲልክ የተዋዋለው ከቆጵሮስ መንግሥት ጋር ነው፤ ያ መንግሥት ደግሞ በዚያን ጊዜ የግሪክ ቆጵሮሳውያን ብቻ ሆኖ ነበር። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት አስገዳጅ ሁኔታ በሚል መርህ ጉዳዩን አጸደቀው። የአንድ ወገን መንግሥት የሁለት ወገን ሪፐብሊክ ሕጋዊ ወራሽ የሆነበት መሠረት ይህ ነው። ዓለም ተቀብሎታል፤ ቱርክ ቆጵሮሳውያን ግን ዛሬም አልተቀበሉትም።

1974

ጁላይ 15 ቀን 1974 አቴንስ ያለው ወታደራዊ ጁንታ ማካሪዮስን በመፈንቅለ መንግሥት አስወገደና የኢዮካ ታጣቂ የነበረውን ኒኮስ ሳምፕሶንን ሾመ። ጁላይ 20 የቱርክ ጦር ኪሬኒያ አጠገብ ባሕር ዳር ወረደ። ጁንታውም ሳምፕሶንም በቀናት ውስጥ ወደቁ። ጄኔቫ ላይ የተደረገው ንግግር ሲፈርስ ኦገስት 14 ቱርክ ሁለተኛ ዘመቻ ከፍታ ከደሴቲቱ ከሢሶ በላይ የሚሆነውን ያዘች።

ደቡቡ ይህን ወረራ ይለዋል፤ ሰሜኑ የሰላም ዘመቻ። የክርክሩ ሕጋዊ ልብ የዋስትና ውሉ አራተኛ አንቀጽ ነው። አንቀጹ ዋሶቹ በጋራ መሥራት ካልቻሉ እያንዳንዳቸው በውሉ የተፈጠረውን ሁኔታ ለመመለስ ብቻ እርምጃ እንዲወስዱ ይፈቅዳል። አንካራ መፈንቅለ መንግሥቱን አንሥታ መብቴን ተጠቀምሁ ትላለች። ተቃዋሚዎቿ በመጀመሪያ እርምጃ ማለት የጦር ኃይል ማለት አይደለም፣ የተባበሩት መንግሥታት ቻርተርም ይከለክለዋል ይላሉ፤ ይህ ሊያከራክር ይችላል። ሁለተኛው መከራከሪያቸው ግን ከባድ ነው። በኦገስት መፈንቅለ መንግሥቱ ከሽፎ ሕጋዊው ሥርዓት ተመልሶ ነበር፤ ሁለተኛው ዘመቻም የ1960ውን ሁኔታ አልመለሰም፤ የመለሰ ቢሆን ዛሬ መሥመሩ ባልኖረ ነበር። ስለዚህ የጁላይና የኦገስት ዘመቻዎችን ለይቶ የሚያይ ሰው የአንዱን ወገን ቃል ብቻ ከሚደግም ሰው ይልቅ ወደ ፍትሕ የቀረበ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከ160,000 በላይ ግሪክ ቆጵሮሳውያን ወደ ደቡብ ተሰደዱ፤ ከ40,000 በላይ ቱርክ ቆጵሮሳውያን ወደ ሰሜን ሄዱ። በቶክኒና በማራታ ኢዮካ ቢ በሚባለው ቡድን ታጣቂዎች የተረሸኑት ቱርክ ቆጵሮሳውያን ነበሩ፤ በአሲያ መንደር የጠፉት ደግሞ ግሪክ ቆጵሮሳውያን። ከሁለቱ ወገን የተውጣጣው የጠፉ ሰዎች ኮሚቴ በመዝገቡ 1,510 ግሪክ ቆጵሮሳውያንና 492 ቱርክ ቆጵሮሳውያን ይዟል፤ ከእነዚህ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አጽም ተለይቶ ለቤተሰብ ተመልሷል። የሁለቱ ወገን ባለሙያዎች በአንድ ቤተ ሙከራ አብረው አጥንት ይለያሉ። በደሴቲቱ ላይ በጋራ ከሚሠራው ነገር ሁሉ ይህ ትልቁ ይመስለኛል፤ የቱሪስት ካርታ ላይ ግን የለም።

በሕግ ያለውና በመሬት ያለው

ሰሜኑ ኖቬምበር 15 ቀን 1983 የሰሜን ቆጵሮስ ቱርክ ሪፐብሊክ ብሎ ነጻነት አወጀ። የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ 541 አዋጁ ሕጋዊ ኃይል የለውም አለ። እስከ ዛሬ ዕውቅና የሰጠችው ቱርክ ብቻ ናት። በሌላ በኩል ደሴቲቱ በሙሉ በ2004 የአውሮፓ ኅብረት አባል ሆናለች፤ የኅብረቱ ሕግ ግን በሰሜኑ ታግዷል። በሕግ አንድ አገር፣ በመሬት ላይ ደግሞ 180 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው ቀጠና የተከፈለ፣ ሁለት ገንዘብ (ዩሮና ሊራ) የሚሠራበት ቦታ ነው።

ለመንገደኛ የዚህ ልዩነት ውጤት የሚጀምረው ከአውሮፕላን ማረፊያ ነው። የሪፐብሊኩ መንግሥት ሕጋዊ የሚላቸው መግቢያዎች ላርናካና ጳፎስ ናቸው። በሰሜን ያለውን ኤርጃን፣ ከቱርክ በቀር ቀጥታ በረራ የማይገባበትን፣ ሕገ ወጥ መግቢያ ይለዋል። በዚያ የገባ የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ መሥመሩን ሲሻገር በተግባር ብዙ ጊዜ ይታለፍለታል፤ የኢትዮጵያን ጨምሮ የሌላ አገር ፓስፖርት የያዘ ሰው ግን ወደ ደቡብ እንዳይገባ ሊከለከል ይችላል። የኒኮሲያ የቀድሞ አውሮፕላን ማረፊያ በቀጠናው ውስጥ ከ1974 ጀምሮ ተዘግቷል፤ አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን ሳይቀር በሜዳው ላይ ዝጎ ቆሟል።

መሻገሪያዎቹ የተከፈቱት በኤፕሪል 2003 ነው፤ የኒኮሲያ ዋና የገበያ ጎዳና ሌድራ ደግሞ በ2008። ዛሬ ፓስፖርት ይዞ በእግር መሻገር የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። መሻገር ራሱ ሰሜኑን ዕውቅና መስጠት ነው የሚሉ ግሪክ ቆጵሮሳውያን አሉ፤ የትውልድ መንደራቸውን ለማየት ፓስፖርት ማሳየት ክብራቸውን ይነካል፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ያልተሻገሩም አሉ። ይህ ስሜት ሊከበር ይገባል። ለውጭ ጎብኚ ግን መሻገር በሪፐብሊኩም ሕግ የተፈቀደ ነው፤ አንድ ወገን ብቻ አይቶ ከሚመለስ ሁለቱንም ቢያይ ይሻለዋል።

የእስራኤል ነዋሪ ለሆኑ አንባቢዎች ደሴቲቱ ሌላ ታሪክም አላት። ከ1946 እስከ 1949 እንግሊዝ ወደ ፍልስጤም ሊገቡ ሲሉ የያዘቻቸውን ከ50,000 በላይ አይሁድ በቆጵሮስ ካምፖች አስራ አቆይታለች። ዛሬ ደግሞ በእስራኤል የሲቪል ጋብቻ ስለሌለ በረቢዎች ፊት መጋባት የማይችሉ ወይም የማይፈልጉ ጥንዶች ላርናካ ማዘጋጃ ቤት ሄደው ይፈራረማሉ፤ ያም ጋብቻ እስራኤል ውስጥ ይመዘገባል።

ቤቱ የማን ነው?

አሁን ጎብኚውን በቀጥታ ወደሚነካው ደረስን። ከ1974 በፊት በሰሜኑ የነበረው የግል መሬት አብዛኛው የግሪክ ቆጵሮሳውያን ነበር። ባለቤቶቹ ሲሰደዱ ቤቱና መሬቱ ከደቡብ ለመጡ ቱርክ ቆጵሮሳውያንና ከቱርክ ለመጡ ሰፋሪዎች ታደለ። ዛሬ በኪሬኒያና በኢስኬሌ ዳርቻ ለውጭ ገዢ በርካሽ የሚሸጡት አፓርታማዎች ብዙዎቹ በእንዲህ ያለ መሬት ላይ የተሠሩ ናቸው።

የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት በዚህ ላይ የሰጣቸው ፍርዶች በሁለት ምዕራፍ ይከፈላሉ፤ ሁለቱንም ሳያነቡ አንዱን ብቻ መጥቀስ የተለመደ ስሕተት ነው። በ1996 ቲቲና ሎይዚዱ ቱርክን ከስሰው በረቱ፤ ፍርድ ቤቱ ተፈናቃይዋ አሁንም የመሬታቸው ሕጋዊ ባለቤት ናቸው፣ ለተከለከሉት አጠቃቀም ተጠያቂዋም ቱርክ ናት አለ። ካሣው በ2003 ተከፈለ። ከዚያ ተመሳሳይ ክሶች እንደ ጎርፍ መጡ። በ2005 ሰሜኑ ካሣ፣ ልውውጥ ወይም መመለስን የሚወስን የማይንቀሳቀስ ንብረት ኮሚሽን አቋቋመ። በ2010 በዴሞፑሎስ ጉዳይ ፍርድ ቤቱ ኮሚሽኑን በቂ መፍትሔ ሰጪ አድርጎ ተቀበለው፤ ረጅም ዘመን ማለፉንና ዛሬ በቤቱ የሚኖረው ሰው መብት መታየት እንዳለበትም ጠቀሰ። ደቡቡ የመጀመሪያውን፣ ሰሜኑ ሁለተኛውን ይጠቅሳል። ሁለቱ ግን አይጣሉም፤ ባለቤትነቱ አልጠፋም፤ ባለቤቱ የሚያገኘው ግን የግድ ቤቱን ራሱን ላይሆን ይችላል።

በአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም በ2009 አንድ የሚታወስ ጉዳይ አለ። በሰሜን ላፒቶስ በግሪክ ቆጵሮሳዊ መሬት ላይ ቪላ የሠሩ የብሪታኒያ ባልና ሚስት ነበሩ። ኒኮሲያ ላይ በእነሱ ላይ የተሰጠው ፍርድ እዚያው ሰሜኑ ላይ ሊፈጸም አይችልም፤ ነገር ግን በብሪታኒያ ባላቸው ንብረት ላይ ሊፈጸም ይችላል ተባለ። በደቡቡ የወንጀል ሕግም ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የሌላውን መሬት መሸጥ፣ መግዛትም ሆነ ማከራየት እስከ ሰባት ዓመት ያሳስራል። ለዓመታት እምብዛም ያልተሠራበት ይህ ሕግ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሥራ ላይ ውሏል፤ በዚህ ንግድ ተይዘው በእስራት የተቀጡ የውጭ ዜጎች አሉ።

ለደቡቡ ጎብኚ ግን ይህ የሌላ ወገን ጥፋት ብቻ ሆኖ እንዳይታይ። በደቡብም የቱርክ ቆጵሮሳውያን ቤትና መሬት አለ። የሚያስተዳድረው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ በሞግዚትነት ነው፤ ብዙው ለተፈናቃዮች መኖሪያ ሆኗል፤ ባለቤቶቹም እንዳሻቸው ሊሸጡትም ሆነ ሊመለሱበት አይችሉም። ልዩነቱ መጠኑ ላይና አንዱ በሕግ ጥበቃ ሥር መሆኑ ላይ ነው። ይህ ትልቅ ልዩነት ነው፤ ሁለቱን እኩል የሚያደርግ አይደለም።

ቫሮሻ የተለየች ናት። ከ1974 በፊት የደሴቲቱ የሆቴል ንግድ እምብርት የነበረችው ይህች የፋማጉስታ ሠፈር ለአሥርት ዓመታት በቱርክ ጦር ታጥራ ባዶ ቆማለች። የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ 550 ከነዋሪዎቿ በቀር ሌላ ሰው እንዳይሰፍርባት ይላል። በኦክቶበር 2020 አንድ ክፍሏ ለጎብኚ ተከፍቷል፤ ሰው በብስክሌት እየዞረ የወዳደቁ ሆቴሎችን ፎቶ ያነሣል። የቱሪዝሙ ማዕከል ወደ አያ ናፓ፣ ሊማሶልና ጳፎስ የዞረው ቫሮሻና ኪሬኒያ ከጠፉ በኋላ ነው። አያ ናፓ ከዚያ በፊት የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች።

ፌዴሬሽን ወይስ ሁለት መንግሥት?

ከ1977ቱ የማካሪዮስና የቱርክ ቆጵሮሳውያን መሪ የዴንክታሽ ስምምነት ጀምሮ የድርድሩ መሠረት የሁለት ማኅበረሰቦች ፌዴሬሽን ነው። ዕቅዱ ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ሕዝብ የቀረበው ኤፕሪል 24 ቀን 2004 ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የኮፊ አናንን ዕቅድ 65 ከመቶ ያህል ቱርክ ቆጵሮሳውያን ደገፉት፤ 76 ከመቶ ያህል ግሪክ ቆጵሮሳውያን ተቃወሙት። ለምን? የቱርክ ወታደር አለመውጣቱ፣ የዋስትና መብቱ መቀጠሉ፣ የተፈናቃዮች መመለስ መገደቡ ይጠቀሳሉ። ሌሎች ደግሞ ደቡቡ እንቢ ቢልም በሳምንቱ ኅብረቱን እንደሚቀላቀል ስላወቀ የሚያጣው ነገር አልነበረም ይላሉ። ሁለቱም ምክንያት ሠርቷል፤ የትኛው እንደሚያመዝን ግን ዛሬም የሚያከራክር ነው። በጁላይ 2017 በስዊዘርላንዷ ክራን ሞንታና የተደረገው ሙከራም በደኅንነትና በዋስትና ጥያቄ ላይ ፈረሰ፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሁለቱ ወገኖች ፈጽሞ የተለያየ ታሪክ ይናገራሉ።

ከዚያ በኋላ በሰሜኑ የሁለት መንግሥታት ሐሳብ ገነነ፤ ከ2020 ጀምሮ የመሩት ኤርሲን ታታርና አንካራ ይህን አቋም ያዙ። ደጋፊዎቹ ግማሽ ምዕተ ዓመት የከሸፈ ነገር ለምን ይደገማል ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ ይህ በኃይል የተያዘውን ማጽደቅ ነው ይላሉ፤ የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔዎችም ከእነዚህ ጋር ናቸው። በኦክቶበር 2025 ግን የሰሜኑ መራጮች ፌዴሬሽንን የሚደግፉትን ቱፋን ኤርሁርማንን በሰፊ ድምፅ መረጡ። ቱርክ ቆጵሮሳውያን ሁሉ የአንካራን ቃል ይደግማሉ የሚለውን አስተሳሰብ ይህ ምርጫ አጠራጣሪ ያደርገዋል። ከቱርክ የመጡት ሰፋሪዎች ቁጥር ስንት ነው፣ በመፍትሔው ጊዜስ ማን ይቀራል የሚለው ደግሞ ከቁጥሩ ጀምሮ ስምምነት የሌለበት ነው።

ትንሽ መስሎ የሚታይ አንድ ማስረጃ አለ። በ2021 የአውሮፓ ኅብረት የደሴቲቱን ታዋቂ አይብ ሃሉሚና ሄሊም በሚሉት በሁለቱም ስሞች፣ በሁለቱም ወገን ለሚመረተው፣ በጥበቃ መዝገብ አስገብቶታል። በባንዲራ መስማማት ያልቻሉ ሰዎች በአይብ ተስማምተዋል ብሎ መደሰት ይቻላል፤ ነገር ግን ከሰሜን ወደ ኅብረቱ ገበያ የሚወጣውን የማረጋገጥ ሥራ ራሱ ለዓመታት አከራክሯል።

ለመንገደኛው

በኪራይ መኪና የምትሻገሩ ከሆነ የደቡቡ መድን በሰሜን አይሠራም፤ በመሻገሪያው ላይ ሌላ ይገዛል፤ አንዳንድ አከራዮችም መሻገርን ይከለክላሉ። በቀጠናውና በጦር ሠፈሮች አጠገብ ፎቶ ማንሣት ክልክል ነው፤ ምልክቱ በግልጽ ተለጥፏል። ቡናውን በደቡብ የቱርክ ቡና ብሎ ማዘዝ አያስከስስም፤ የቆጵሮስ ቡና ቢባል ግን በሁለቱም ወገን ያስኬዳል። ከሰዎች ጋር ሲወራ 1974 ብቻ ወይም 1963 ብቻ የሚል ሰው ሲያጋጥም ሌላኛውን ዓመት መጠየቅ መልካም ነው፤ መልሱ ከማንኛውም ሙዚየም የበለጠ ያስተምራል።

በሰሜን ቤት ግዙ የሚል ደላላ ከመጣ፣ የሰነዱን ዓይነት ጠይቁ። ሦስት ዓይነት አለ፤ ከ1974 በፊት የነበረ የቱርክ ቆጵሮሳዊ ወይም የውጭ ዜጋ ባለቤትነት፣ በደቡብ ለተተወ ንብረት በልውውጥ የተሰጠ፣ አስተዳደሩ ያደለው። ሁለተኛውና ሦስተኛው በሌላ ሰው መሬት ላይ የተጻፉ ናቸው፤ አትግዟቸው።